ይድረስ ለድሬዳዋ የጤናና የትምህርት ኃላፊዎች፦ ስፔሻሊስት እስኪመጣ አትጠብቁ

ጤና ይስጥልኝ።

ሳቢያን የምኖር፣ ልብስ እየሰፋሁ የማድር እናት ነኝ። የስምንት ዓመት ሴት ልጄ ኦቲዝም አለባት፤ አእምሮዋ ከሕፃንነቷ ጀምሮ በተለየ መንገድ ያደገ፣ ንግግርና ከሰው መግባባት የሚከብዳት ልጅ ናት። የምጽፍላችሁ ግን ለእሷ ብቻ ብዬ አይደለም። ሕንጻ ገንቡልን፣ ሪባን ቁረጡልን አልልም። የሕፃናት ሳይካትሪስት (የአእምሮ ሐኪም) በአንድ ሌሊት ከየት ታመጣላችሁ? የምለምናችሁ ከዚያ የቀለለ ነገር ነው። በእጃችሁ ያሉትን ሰዎች አሠልጥኑልን። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎቹን፣ የክትባት ክፍል ነርሶቹን፣ የአንደኛ ደረጃ መምህራኑን፣ እኛን ወላጆቹንም። እንደሚቻል የሚያሳይ ጥናት እዚሁ አገራችን ውስጥ ተሠርቷል። ወደ እሱ እመጣለሁ። (ዓመቶቹን እንደ ፈረንጆቹ ነው የምጽፈው፤ ጥናቶቹ የተመዘገቡት በዚያ ነው።)

መጀመሪያ የድሬ እናት ምን እንደምትባል ልንገራችሁ።

ልጅ ሁለት ዓመት ሞልቷት ካልተናገረች፣ እዚህ ከተማ የሚቀድመው መልስ «ቋንቋ በዝቶባት ነው» የሚል ነው። ጎረቤት ይላል። አክስት ትላለች። ነጭ ጋውን የለበሰ ሰውም ብሎኛል። ድሬ ናትና ነገሩ እውነት ይመስላል። እኔ ቤት ውስጥ በአማርኛ ነው የማወራው። አማቴ ከኦሮምኛ ሌላ አያወሩም። ግቢው ውስጥ ሱማሌኛ አለ። ሱቅ ስንወርድ ሐረሪ እንሰማለን። ስለዚህ «አቦ አብሽሪ፣ ጊዜዋን ጠብቃ ታወራለች» ትባያለሽ። ትንሽ ቆይቶ ምክሩ ይከተላል፦ «አንድ ቋንቋ ብቻ አውሯት።»

ይሄ ምክር ጊዜ ይበላል። ልጅ በስሟ ስትጠራ ዞር አለማለቷ የቋንቋ ብዛት አይደለም። ወፍ አይታ «ያውና» ብላ በጣቷ አለመጠቆሟም አይደለም። በአራት ቋንቋ መሃል ያደገ ጤነኛ ልጅ ቢያንስ በጣቱ ያወራል። እጅ ይጎትታል፣ ዓይን ዓይን ያያል፣ ያገኘውን አምጥቶ ያሳያል። ይሄ ሳይኖር ቀርቶ «ጠብቂ» ሲባል፣ የሚያልፈው የልጅ አእምሮ ለትምህርት በጣም ክፍት የሆነበት ጊዜ ነው።

ሌላም ጉዳት አለው። አያትን ከልጅ ልጅ ይለያል። አማቴ «እኔ እንዳላበላሻት» ብለው ወራት ሙሉ አፋቸውን ዘግተው አበሏት። ምግብ በዝምታ። እኚህ ሴት ቀን ሙሉ ከእሷ ጋር የሚውሉ ብቸኛ ሰው ነበሩ፤ እኔ ስፌት ላይ ነኝ። በኋላ ነው ያነበብኩት። ኦቲዝም ያለባቸውን ልጆች የተከታተሉ በርካታ ጥናቶች፣ ሁለት ቋንቋ በሚነገርበት ቤት ያደጉትን አንድ ብቻ ከሚሰሙት ጋር አወዳድረዋል። ሁለት ቋንቋ መስማት ንግግራቸውን ይበልጥ እንደሚያዘገይ አላገኙም። የኔዋም መጀመሪያ በግልጽ ያወጣችው ቃል «ቢሻን» ነበር። ውሃ፣ በአያቷ ቋንቋ። አማቴ ያን ቀን እልል አሉ፤ ጎረቤት ሠርግ መስሎት መጣ።

ስለዚህ የመጀመሪያው ልመናዬ ገንዘብም አይጠይቅም። በየጤና ጣቢያው «አንድ ቋንቋ ብቻ አውሯት» የሚለው ምክር ይቁም።

ሁለተኛው የክትባት ክፍሉ ነው። ከ2019 ጀምሮ በአገራችን ሁለተኛው የኩፍኝ ክትባት በ15 ወር ይሰጣል። እናት ልጇን አዝላ፣ ካርዷን ይዛ፣ ራሷ ትመጣለች። ከዚህ የተሻለ አጋጣሚ የት ይገኛል? ነርሷ መርፌውን እያዘጋጀች ትጠይቅ። ስሟን ስትጠሪ ትዞራለች? በጣቷ ትጠቁማለች? ቻው ስትባል እጇን ታወዛውዛለች? ድሮ ትላቸው የነበሩ ቃላት ጠፉባት? በ16 ወር አንድም ቃል ከሌለ፣ በሁለት ዓመት ሁለት ቃል ማጋጠም ካልተቻለ፣ በየትኛውም ዕድሜ ደግሞ የነበረ ነገር ከጠፋ፣ «ጠብቂ» ሳይሆን «ነይ እንይሽ» ነው መባል ያለበት። ኦቲዝም በደም ምርመራ አይታወቅም። በራጅም አይታይም። የሚታወቀው ልጁን በማየትና እናትን በመጠየቅ ነው። ይሄን ደግሞ ድሬ ላይ ያለ ጤና ጣቢያ ሁሉ መጀመር ይችላል።

ጥያቄዎቹ ግን ከውጭ እንዳሉ ተገልብጠው አይምጡ። ለምሳሌ ሁሉም የሚጠቅሰው የዓይን ለዓይን ግንኙነት አለ። እኛ ልጆቻችንን ትልቅ ሰው ፊት ቀና ብለው እንዳያፈጡ ነው የምናሳድገው። ዶክተር ፊት ዓይኗን የሰበረች ልጅ ሁሉ ኦቲዝም የለባትም፤ ኦቲዝም ያለባትም «ጨዋ ናት» ተብላ ታልፋለች። በተለይ ሴት ስትሆን። በዓለም ላይ ወንዶች ከሴቶች ሦስት አራት እጥፍ በኦቲዝም ይመዘገባሉ። ተመራማሪዎች ከዚህ ውስጥ የተወሰነው ሴቶቹ ስለማይታዩ ነው ይላሉ። ለእኔ ይሄ ዜና አልሆነብኝም። ልጄ ጥግ ይዛ የክር ጥቅልል ስትደረድር፣ በቀለም ስትለይ፣ ሲፈርስባት ስትጮህ ዘመድ የሚለው «ባለሙያ ልትወጣ ነው፣ እንደ እናቷ» ነበር።

ክትባት ስላነሳሁ አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። በስልክ የሚዞረው ወሬ ድሬም ደርሷል፤ «ኦቲዝም ያመጣው መርፌው ነው» ይላሉ። ወሬው የተነሳው በ1998 ለንደን ላይ ከታተመ፣ 12 ልጆችን ብቻ ካየ አንድ ጽሑፍ ነው። ያሳተመው መጽሔት በ2010 ሰረዘው፤ ጸሐፊው ዶክተር ዌክፊልድም በዚያው ዓመት ከሕክምና መዝገብ ተፋቀ። ዴንማርክ ውስጥ ከ650 ሺህ በላይ ልጆችን የተከታተለ ጥናት በ2019 ወጥቶ ምንም ግንኙነት አላገኘም። አሁን ደግሞ ተረኛው ፓራሲታሞል ሆኗል። በእርግዝናዬ ለራስ ምታት የዋጥኩትን ክኒን ቁጠሪ የሚሉኝ ሰዎች አሉ። በ2024 ከስዊድን የወጣ ጥናት ወደ 2.5 ሚሊዮን የሚጠጉ ልጆችን አይቷል። ከአንድ እናት የተወለዱትን እርስ በርስ ሲያወዳድር ግንኙነቱ ጠፍቷል። እባካችሁ ይሄን የጤና ባለሙያዎቻችሁ ጮክ ብለው ይናገሩልን። ኩፍኝ ልጅ ይገድላል።

እናትን መውቀስ የእኛ ሰፈር ፈጠራ ብቻ መስሎኝ ነበር። ቡዳ በልቷት፣ ጂን ይዟት፣ እናቷ ለሊት ውጭ ወጥታ፣ አባቷ ጫት አብዝቶ። የማልሰማው የለም። ጸበልም ወስጃታለሁ፣ አማቴም ሼህ ዘንድ ወስደው ቁርአን አስቀርተውባታል። ሁላችንም በፍቅር ነው ያደረግነው፤ ማንንም አልወቅስም። የሚገርመው ግን የተማሩት ፈረንጆችም ያንኑ ሲሉ መኖራቸው ነው። ሊዮ ካነር የሚባል የሕፃናት የአእምሮ ሐኪም በ1943 አሜሪካ ውስጥ 11 ልጆችን ገልጾ ስለ ኦቲዝም ጻፈ። ከዚያ በኋላ ለሃያ ዓመት ያህል ብዙ ባለሙያ ጥፋቱን እናት ላይ ጣለ። ልጇን ስላላቀፈች፣ ቀዝቃዛ ስለሆነች ነው አሉ። «ፍሪጅ እናቶች» ይሏቸው ነበር። ቺካጎ ላይ ብሩኖ ቤተልሃይም የሚባል ሰው ይሄን በሰፊው አሰራጨው። ልጅን ከእናት መለየት እንደ ሕክምና ታየ።

ይሄን ሐሳብ መጀመሪያ በደንብ የሞገተው ማን መሰላችሁ? ወላጅ ነው። በርናርድ ሪምላንድ የሥነ ልቦና ባለሙያ ነበር፤ ልጁም ኦቲዝም ነበረበት። ያለውን ጥናት ሁሉ ሰብስቦ በ1964 ነገሩ ከአእምሮ አፈጣጠር እንጂ ከእናት ጠባይ እንዳልመጣ ጻፈ። በ1977 ደግሞ እንግሊዝ ውስጥ ፎልስታይንና ራተር 21 ጥንድ መንትዮችን አጠኑ። አንድ ዓይነት ከሆኑት 11 ጥንዶች በአራቱ ሁለቱም ልጆች ኦቲዝም ነበረባቸው። ከማይመሳሰሉት 10 ጥንዶች ግን በአንዱም ሁለቱም ላይ አልታየም። ቁጥሩ ትንሽ ነው፤ ግን ነገሩ ከዘር እንደሚመጣ ለማጥናት በር ከፈተ። ዛሬ ከኦቲዝም ጋር የተያያዙ ከመቶ በላይ ዘረ መሎች (የዘር መረጃ የያዙ የሰውነት ክፍሎች) ይታወቃሉ። እኔ ይሄን ለአማቴ ሳስረዳ «እና የማን ዘር ነው? የእኛ ወይስ የእናንተ?» አሉኝ። እሱ ክርክር አሁንም አላለቀም።

በአገራችንም መንገዱን የጠረገችው እናት ናት። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ከአሜሪካ ተመልሳ በውበት ሙያ ትሠራ ነበር። ለራሷ ልጅ ትምህርት ቤት ስታጣ በ2002 አዲስ አበባ ላይ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ከፈተች። በቴሌቪዥን ወጥታ ስለ ልጇ ስትናገር፣ ብዙ ሰው ልጁን ጓዳ ደብቆ ነበር። በ2021 አርፋለች፤ ነፍሷን ይማር። ይሄን የማነሳው አንድ ነገር እንድታስቡበት ነው። በዚህ ጉዳይ ላይ ወላጅ ተረጂ ብቻ ሆኖ አያውቅም። ስለ ልጆቻችን ዕቅድ ስታወጡ ጠረጴዛው ላይ ወንበር ይኑረን።

አሁን ወደ አገራችን ጥናቶች ልምጣ። አንዱ በ2016 የታተመ ነው። አዲስ አበባ ክሊኒክ የሚመላለሱ፣ እንደ እኛ ያሉ 102 አሳዳጊዎች ተጠየቁ። ከመቶ 45 የሚሆኑት በልጃቸው ሁኔታ እንደሚያፍሩ ተናገሩ። ከአራት አንድ በላይ የሚሆኑት ለመደበቅ ይሞክራሉ። ልብ በሉ፤ እነዚህ ክሊኒክ የደረሱት ናቸው። የደበቁት ጨርሶ ክሊኒክ አልመጡም፣ ስለዚህ አልተቆጠሩም። «ምን ጎደላችሁ?» ሲባሉ ደግሞ መድኃኒት ወይም ገንዘብ አላስቀደሙም። ከመቶ 74.5 የሚሆኑት ያሉት ትምህርት ነው። የልጄ ትምህርት። ገንዘብ ያሉት 30.4 ብቻ ነበሩ። እኔም ብጠየቅ ያንኑ ነበር የምለው።

ቃል የገባሁላችሁ፣ እዚሁ አገራችን የተሠራው ጥናት ደግሞ ይሄ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ስለ ኦቲዝም አጭር ሥልጠና ወሰዱ። ካልሠለጠኑት ጋር ሲወዳደሩ፣ ስለ ልጆቹ ያላቸው ክፉ አመለካከት ቀንሶ፣ ከልጆቹ የመራቅ ስሜታቸውም አንሶ ተገኘ። አጭር ሥልጠና ነው እንግዲህ። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ ለአሳዳጊዎች ያዘጋጀው ሥልጠና አለ። ዘጠኝ የቡድን ስብሰባና ሦስት የቤት ጉብኝት ነው ያለው፤ ከ2 እስከ 9 ዓመት ልጅ ላላቸው። የሚሰጠውም ስፔሻሊስት ሳይሆን የሠለጠነ ተራ ባለሙያ ነው። እንዴት አብሮ መጫወት እንደሚቻል፣ ልጅ ሳትናገር የምትለውን እንዴት መስማት እንደሚቻል፣ ስትጮህ ከጩኸቱ በፊት ምን እንደነበረ ማየት፣ ልብስ መልበስን በትንንሽ ደረጃ ከፍሎ ማስተማር። የአሳዳጊዋን የራሷን ድካምም ይነካል። ኢትዮጵያ ውስጥ ተሞክሯል። ድሬ ላይ ዘጠኝ ስብሰባ የሚያስተናግድ አዳራሽ ጠፋ እንዳትሉኝ!

ጥቅሙን በትንሹም ቢሆን ቀምሼዋለሁ። አንዲት ነርስ ናት «ከመጮኋ በፊት ምን ነበር? ጻፊው» ያለችኝ። ጻፍኩ። ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ ሲበረታ፣ የባጃጅ ጥሩምባና የጎረቤት ቴፕ ሲደባለቅ ነው። ጂን አይደለም። ጆሮዋ ከእኛ ይበልጥ ይሰማል። ገበያ የምወስዳትን ወደ ማለዳ አዞርኩት። በጠዋት በከዚራ ሰፈር ዛፎች ሥር ስንሄድ ሌላ ልጅ ናት። የከተማችን ሙቀትና ጩኸት ለእንዲህ ዓይነት ልጅ ምን እንደሚያደርግ ያጠና ሰው ቢኖር ደስ ይለኝ ነበር። ድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ እዚሁ ነው። የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የጤና ኮሌጅ ሐረር ላይ ነው፤ የደንገጎን ዳገት መውጣት ብቻ ነው። የመመረቂያ ርዕስ ለቸገራቸው ተማሪዎች ርዕስ ሞልቶናል። የዓለም ምርምር በአብዛኛው የተሠራው በአውሮፓና በአሜሪካ ልጆች ላይ ነው። በኦሮምኛና በሱማሌኛ የሚያወራውን የምሥራቁን ወላጅ ማን ጠየቀው?

ስለ ትምህርት ቤት አጭር ነው የምለው፤ ብጀምር አላባራም። አንድ ትምህርት ቤት የምዝገባ ገንዘቤን ተቀብሎ፣ ሳምንት ሳይሞላ «ሌሎቹን ትረብሻለች» ብሎ መለሳት። ሌላው በር ላይ ነው የመለሰን። በ2021 በዓለም ላይ ከ127 ሰው አንዱ ኦቲዝም እንደነበረበት የዓለም ጤና ድርጅት ገምቷል። አንድ ሺህ ተማሪ ባለው ትምህርት ቤት ሰባት ስምንት ልጅ መኖር አለበት ማለት ነው። ርእሰ መምህራኑን ሰብስባችሁ ጠይቁልኝ፤ የት ናቸው? ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን የአካልና የአእምሮ ጉዳተኞችን እንዲያቋቁም ይላል። የአካል ጉዳተኞች መብት ዓለም አቀፍ ስምምነትንም አገራችን በ2010 ተቀብላ አጽድቃለች። ወረቀቱ አለ። ጎዶሎው በየትምህርት ቤቱ ቢያንስ አንድ የሠለጠነ መምህርና ጩኸት ሲበዛ የሚገባበት አንድ ጸጥ ያለ ክፍል ነው።

የመጨረሻው ጉዳይ እንቅልፍ የሚነሳኝ ነው። እነዚህ ልጆች ይጠፋሉ። በ2012 አሜሪካ ውስጥ የታተመ ጥናት፣ ግማሽ ያህሎቹ ከአራት ዓመታቸው በኋላ ቢያንስ አንዴ ከቤት ወይም ከትምህርት ቤት ለመውጣት እንደሞከሩ አግኝቷል። ብዙዎቹን ደግሞ ውሃ ይስባቸዋል። ድሬ ላይ ውሃ ማለት ከተማውን የሚያቋርጠው የደቻቱ ወንዝ ነው። በበጋ አሸዋ ነው፤ ኳስ ይጫወቱበታል፣ ሰው ያቋርጠዋል። ደጋው ላይ ሲዘንብ ግን እኛ ጋ ጠብ ሳይል ጎርፉ ይደርሳል። በእኛ አቆጣጠር የ1998 ክረምት ከ200 በላይ ሰው እንደወሰደ ከእናንተ መካከል የማያስታውስ ያለ አይመስለኝም። ስሟን ሲጠሯት የማትዞር ልጅ «ጎርፍ መጣ!» የሚለውን ጩኸት ትሰማለች ብላችሁ ታስባላችሁ?

ሰዎች «ልጃቸውን ቆልፈው ያሳድጋሉ» እያሉ ሲያሙ እሰማለሁ። አንዳንዶቹ በእርግጥ ይደብቃሉ። ብዙዎቻችን ግን የምንቆልፈው ከባጃጅና ከደቻቱ ነው። ቁልፉ እንዲላላ የምትፈልጉ ከሆነ ከውጭ ያለው ሰው ይወቃት። ፈቃደኛ የሆንን ወላጆች የልጆቻችንን ፎቶና የሚረጋጉበትን ነገር ለቀበሌና ለፖሊስ እንስጥ። የኔዋ የክር ጥቅልል ከሰጧት ትከተላለች። የባጃጅ ማኅበራት ሹፌሮቻቸውን ያስተምሩ፤ በዚህ ከተማ ከእነሱ በላይ መንገድ ላይ ዓይን ያለው የለም። ለብቻዋ የምትሄድ፣ የማትመልስ ልጅ ካዩ እንዳይጮሁባት፣ እንዳያባርሯት፣ ቆመው እንዲደውሉ። ይሄ ክረምት ሳይገባ ሊደረግ ይችላል።

ብትጠሩን እንመጣለን። ስብሰባው ጠዋት ይሁን፣ ሙቀቱ ሳይበረታ። ልጆቻችንን የምንተውለት ሰው የለንምና ይዘናቸው ነው የምንመጣው። ወንበር ላይ አይቀመጡ ይሆናል፤ አንዳንዱ በአዳራሹ ዙሪያ ይሮጣል። አማርኛ ብቻ የማይበቃቸው ወላጆችም ስላሉ የኦሮምኛና የሱማሌኛ አስተርጓሚ ይኑር። የማይክራፎኑን ድምፅም ዝቅ አድርጉልን።

ከአክብሮት ጋር
የአንዲት የስምንት ዓመት ልጅ እናት
ሳቢያን፣ ድሬዳዋ